ወንድሜ ሃሎፔሪዶል ከጀመረ ወዲህ አተኮሰው፣ ደረቀም፤ እስከ ሰኞ ልጠብቅ?

የባህር ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ መድኃኒት ከጀመረ 6ኛ ቀኑ ነው፤ ረቡዕ መጠኑን ጨምረውለታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳቱ 39.5 ነው። እጁን ላጥፍለት ብል ግትር ብሎ እምቢ አለኝ። ይቃዣል፣ ስሜንም ይስታል። እማዬ ወባ ነው ትላለች፤ እዚህ ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነው። ቀጠሮው ሰኞ ነው። ፓራሲታሞል እየሰጠሁ ልቆይ?

ደሴ፣ ታላቅ ወንድም፦
እህቴ፣ እንዳትጠብቂ! አሁኑኑ ባጃጅ ጥሪና ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የማታውን ኪኒን አትስጪው። ፓኬቱን ግን ያዢ። የኔን ታሪክ እዚያ ወረፋ ስትጠብቂ ታነቢዋለሽ።

ታናሼ በወር አንዴ የሚወጋውን የአእምሮ መድኃኒት መርፌ ነበር የሚወስደው። ከተወጋ በ9ኛው ቀን አተኮሰው። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፣ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡን። የአእምሮ መድኃኒት እንደሚወስድ እነሱ አልጠየቁን፣ እኛም አልተናገርን። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍረን ነው። ጎረቤታችን ከኋላችን ተሰልፋ ነበር።

በማግስቱ ላብ አጠመቀው፤ ሸሚዙ ይጨመቃል። ክርኑን ላጥፍ ስል ፌሮ የማጥፍ መሰለኝ። ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቆረ። ሆስፒታል ስንደርስ የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ነበር። ያኔ ካርዱን ከኪሴ አወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ ተኛ። መርፌው ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ነው አሉን። ኩላሊቱ ለጥቂት ተረፈ።

ነርስ ነኝ፦
ወንድማችን ያለው ትክክል ነው። የአእምሮ መድኃኒት የሚያመጣው አደገኛ ችግር ነው፤ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም ይባላል። ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፣ ግን ይገድላል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ወይም መጠን ሲጨመር ይመጣል። ሽንቱን የሚያጠቁረው ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚገባ ነገር ነው፤ ኩላሊትንም የሚጎዳው እሱው ነው። ስለዚህ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየውን ሲኬ (CK) የሚባል የደም ምርመራና የኩላሊት ምርመራ እንዲያዙለት ጠይቂ። ወባም ይታይ። ቢገኝበት እንኳ መድረቁን ደጋግመሽ ንገሪያቸው። መንገድ ላይ ልብሱን አሳሱለት፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት።

አዳማ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የኔ ልጅ የአእምሮ መድኃኒት መርፌ በተወጋ ማግስት አንገቱ ወደ ጎን ዞረ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። ትኩሳት የለውም። አክስቱ ሰይጣን ነው፣ ጸበል ይሂድ ብላ ተነስታለች። ይሄም ያው ነው?

ነርስ ነኝ፦
ይሄ ሌላ ነው፣ ዲስቶኒያ ይባላል። መድኃኒቱ ያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው። ለዚሁ በሚሰጥ ሌላ መርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ሲተነፍስ ካፏጨ ግን ጉሮሮው እየተያዘ ነው። ያኔ ደቂቃም አይጠበቅም። ጸበሉ የትም አይሄድ፣ ሲሻለው ይደርሳል።

የባህር ዳሯ፦
ከድንገተኛ ክፍል ነው የምጽፈው። ወባ የለበትም። ፓኬቱን ሳሳያቸው ወዲያው ኪኒኑን አስቆሙት፣ ግሉኮስም ተሰካለት። የደም ውጤቱን እየጠበቅን ነው። እጁ አሁንም አልታጠፈም። እማዬ አጠገቡ ቁጭ ብላ ግንባሩን ታብሳለች።