የቪትዝ ባትሪ ሞተብኝ፣ ከአይሱዙ ባስነሳው ችግር አለው?

የሰሚቷ፦
ወገኖች፣ ፈጣን ምክር ፈልጌ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ላደርስ ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ። የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲነካ ደግሞ ድርግም ይላል። ልጆቹን በታክሲ ሸኘኋቸው። አሁን ሦስት ሐኪም ተሰብስቦባታል። ጥበቃው «እንግፋት፣ ትነሳለች» ይላል። ጎረቤቴ አይሱዙ ነጂ ነው፣ «ኬብል አለኝ፣ ከኔ ባትሪ እንቀጥልላት» ይላል። የማውቀው መካኒክ ደግሞ በስልክ «የሌላ መኪና ባትሪ ተውሰሽ አስነሺና ሞተሩ ሳይጠፋ ያንቺን መልሰሽ እሰሪ» አለኝ። የቱን ልስማ? የኬብሉን አስተሳሰር የሚያውቅ ካለም እንደ ሕፃን ያስረዳኝ።

ባለ ዶልፊን፦
አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም እህቴ። ለጥበቃው ቁርስ ጋብዢውና አሳርፊው። ማንዋል ቢሆን ሁለተኛ ማርሽ አስገብተሽ፣ ፍሪሲዮን ረግጠሽ፣ መኪናው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ለቀቅ ማድረግ ነበር። እኔ ዶልፊኔን ስንት ጊዜ እንዲህ አስነስቻለሁ። ቁልቁለት ላይ ግን በቃኝ። ሞተር ካልሠራ ፍሬኑ ድንጋይ ነው፣ መሪውም አይታዘዝም። አንዴ ሳይነሳልኝ ቀርቶ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ ነው ያቆምኩት፣ የሰው አጥር ልበላ ነበር።

አይሱዙው ግን ምን ችግር አለው? ባትሪ ባትሪ ነው።

ኤሌትሪኩ፦
ዶልፊን ወንድሜ፣ ባትሪ ባትሪ አይደለም! እህቴ ይሄን ሳታነቢ ኬብል እንዳታስነኪ።

አብዛኛው አይሱዙ የጭነት መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተከታትለው የታሰሩበት ነው፣ 24 ቮልት ማለት ነው። ያንቺ 12 ነው። ኬብሉን ከሁለቱ ጫፍ ወስዶ ቪትዝ ላይ ከሰካ ኮምፒውተሯም ሬዲዮዋም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። «ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ እወስዳለሁ» የሚል ሹፌር ታገኛለሽ። የአይሱዙው ሞተር ጠፍቶ፣ ኔጌቲቩ (−) ከሻሲ ከታሰረው ባትሪ ላይ በትክክል ከተወሰደ ይሠራል፣ እኔም አድርጌው አውቃለሁ። ግን ባትሪዎቹ የቱ የት እንደታሰረ ለይቶ የማያውቅ ሰው አይንካው። ላንቺ የሚሻልሽ ሌላ የቤት መኪና መፈለግ ነው። ኮሮላም ይሁን ያሪስ፣ 12 ቮልት ይሁን ብቻ።

የመካኒኩ ሐሳብ ደግሞ ከሁሉም ያናደደኝ ነው። ድሮ በአሮጌ ሞተር ይሠራ ነበር። አሁን ሞተር እየሠራ ባትሪ ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨው የሚሄድበት ያጣል፣ ቮልቴጁ በቅጽበት ከ14 ተነስቶ ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል። መጀመሪያ የዲናሞው ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ይሄዳሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ። ባትሪ ለማዳን ብለሽ ከባትሪው በብዙ እጥፍ የሚወደድ ዕቃ ታቃጥያለሽ።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ መኪኖች አይነካኩ፣ ሁለቱም ይጥፉ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ፋን ዝጊ። ቀዩን ኬብል መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ (+)፣ ሌላኛውን ጫፍ በደህናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩን ኬብል በደህናው ኔጌቲቭ። የመጨረሻዋ ጥቁር መቆንጠጫ ናት ዋናዋ፦ የሞተው ባትሪ ላይ አትሰኪያት! ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ፣ እኛ ማሳ የምንለው ላይ ያዣት። ምክንያቱም ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ የመጨረሻዋ መቆንጠጫ ስትነካ ደግሞ ብልጭታ አለ። ብልጭታው ጋዙ አጠገብ እንዳይሆን ነው ነገሩ። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለም ከዚያ ያርቁልሽ።

ከዚያ የደህናውን ሞተር አስነስታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ያንቺን ስትሞክሪ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዢ፣ ካልነሳች ትንሽ አርፈሽ ድገሚ። ስትነሳ አፈታቱ ካስተሳሰሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ከማሳው ጀምረሽ።

ኬብሉንም እይው። ሞተሪኖ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ገበያ ላይ ፕላስቲኩ ወፍራም፣ ሽቦው ክር የሆነ ኬብል ሞልቷል። በእጅ ሲይዙት ከሞቀ ተዉት።

አንዴ የተቃጠለ፦
የረሳኸውን እኔ ልጨምር። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ! እኔ ባትሪ ስፈታ ከፖዘቲቩ ጀመርኩ፣ ቁልፍ 10 (የብሎን መፍቻ) በእጄ ይዤ፣ ቁልፉ ላሜራውን ነካና የሰዓቴ ማሰሪያም አብሮ ገባበት። የእጄ አንጓ ላይ እስካሁን የሰንሰለቱ ቅርጽ አለ። ባትሪ ሲፈታ ከኔጌቲቭ፣ ሲታሰር ከፖዘቲቭ መጀመር ነው። አሲዱ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም ነው፣ ማሸት የለም። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሚያፈስ ባትሪ ከሆነ ኬብል ጨርሶ አይነካውም።

ሚኒሶታ ላይ፦
እዚህ ክረምት ሌላ ጣጣ አለ። ባዶ የሆነ ባትሪ ውስጡ ከአሲድ ይልቅ ወደ ውሃ ስለሚያደላ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ በረዶ ይሠራል። እኛ ጋ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 10 ማለት እኮ የተለመደ ነው። በረዶ የሠራ ባትሪ ኬብል ሲሰኩበት ሊፈነዳ ይችላል፣ መጀመሪያ አውጥቶ ማሞቅ ነው፣ ጎኑ ካበጠ ግን ኬብል ጨርሶ አይነካውም። አዲስ አበባ ይሄ አያሳስባችሁም፣ ግን እዚህ ያላችሁ ልብ በሉ።

ባለ ኤሌክትሪክ፦
የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም «እኛ ነዳጅ የለን፣ አይመለከተንም» እንዳትሉ። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ስትሞት በሩም ላይከፈት ይችላል። መመሪያ መጽሐፉ ከፈቀደ ብቻ ከሌላ መኪና መቀበል ይቻላል፣ ለሌላ መኪና ለመስጠት ግን ባትሞክሩ ይሻላል። ብርቱካንማ ሽቦ (ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት) ጋ እጃችሁ አይድረስ።

የሰሚቷ፦
ተነሳች!! አንዲት ኮሮላ ያላት ጎረቤት ከሥራ ስትመለስ ረዳችን። አይሱዙ ነጂው ራሱ ቆሞ አየ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፣ ኋላ ግን ባትሪውን ከፍቶ ሁለት መሆኑን አሳየኝና «እውነትሽን ነው፣ 24 ነው» አለ። መቆንጠጫዋን ሞተሩ ብረት ላይ ሳስይዝ ቲክ ብላ ብልጭ ስትል ደንግጬ ልለቃት ነበር። ኤሌትሪኩ፣ አሁን ስንት ሰዓት ልንዳት? ነገ ጠዋትስ ትነሳለች?

ኤሌትሪኩ፦
ቆማ አትሥራ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንጂያት። ዲናሞ ግን ባዶ ባትሪ ለመሙላት የተሠራ አይደለም፣ ብትችዪ በቻርጀር አስሞይው። ቮልት መለኪያ ፈልጊ፦ ሞተር እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካለ ዲናሞሽ ደህና ነው። ማታ አጥፍተሽ ጠዋት ስትለኪ 12.6 አካባቢ ካለ ባትሪውም ደህና ነው። ሞልቶ አድሮ ከ12 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አልቋል ወይ የሚበላው ነገር አለ። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የኋላ ሻንጣ መብራት እዪ።

የሰሚቷ፦
የሻንጣው መብራት ነበር! ባለፈው እሑድ የጤፍ ጆንያ ስጭን ክዳኑን በደንብ አልዘጋሁትም። ዛሬ ጠዋት 12.5 አለ። አንድ ችግር ብቻ ቀርቶኛል፦ በምክራችሁ ቀለበቴን አውልቄ የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ረሳሁትና ማታ ባለቤቴ እጄን አይቶ ዝም ብሏል። ስለ ሃይድሮጅን ላስረዳው ሞክሬ ነበር።