የአርማታ ቢም ሞዴሌ አባከስ ሶፍትዌር ላይ መሃል ላይ ይቆማል፤ ኖንሊኒየርን (ስንጥቅንና መላላትን የሚያሰላውን ትንተና) ከየት ልጀምር?

የሲቪሏ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ስትራክቸር ማስተርስ ላይ ነኝ፤ ቴሲሴ ስቲረፕ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ብረት) የሌለው ቢም በሸር (በሚቆርጥ ኃይል) ሲሰበር ነው። ኮንክሪቱን በሲዲፒ (መሰንጠቅና መድቀቁን በሚያሰላው የአባከስ ሞዴል)፣ ፌሮውን በትረስ ኤለመንት (በርዝመቱ ብቻ ኃይል በሚሸከም ዘንግ) አድርጌ ኮንክሪቱ ውስጥ ኢምቤድ አደረግኩት (ቀበርኩት)። እስከ መጀመሪያው ስንጥቅ ይሄዳል፤ ከዚያ ኢንክሪመንቱ (ሎዱ የሚጨመርበት እርምጃ) እያነሰ እያነሰ ሄዶ ቀጥ ይላል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ «ቪስኮሲቲውን 0.01 አድርጉት» ነው የሚለው። አደረግኩት፣ አለፈ። ግን ቢሙ በላብራቶሪ ከተሰበረበት ሎድ እጅግ የበለጠ ይሸከማል። ሜሹን (ቢሙ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ኤለመንቶች) ሳሳንሰው ደግሞ ሌላ መልስ። ኮርሱ አልተሰጠንም፤ ምን ላንብብ?

ከርክም
ላይሰንስ ካስቸገረሽ ኦፕንሲስ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። ችግሩ ግን እዚያም ይከተልሻል።

የድሮ ካልኩሌተር
እህቴ፣ ቪስኮሲቲ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የተሰነጠቀው ኮንክሪት ስትሬሱን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገየዋል፤ ትርፉ ሎድ የመጣው ከዚያ ነው። 0.01 ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ መሆኑ የሚለካው ግን ከስቴፑ ጊዜ ጋር ነው። ስቴፕሽ 1 ከሆነ ብዙ ነው። 0.001፣ 0.0001 እያልሽ አውርጂው፤ ከርቩ መለዋወጡን ሲያቆም ያኔ እመኚው።

የሜሹ ነገር ሌላ ነው። ቴንሽኑን (ኮንክሪቱ ሲሳብ የሚላላበትን ከርቭ) በስትሬይን (ከርዝመቱ አንፃር በተለጠጠው መጠን) ሰጥተሽው ከሆነ፣ ስንጥቁ አንድ ረድፍ ኤለመንት ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ ኤለመንቱ ባነሰ ቁጥር ለመሰንጠቅ የሚወጣው ጉልበትም ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ባዣንትና ኦ በ1983 እ.ኤ.አ. ክራክ ባንድ የሚባለውን ዘዴ ያመጡት ለዚሁ ነው። በፍራክቸር ኢነርጂ (ስንጥቁን ለመክፈት በሚወጣው ጉልበት) ስጪው። በዓለም አቀፉ የኮንክሪት ደንብ፣ በሞዴል ኮድ 2010 ቀመር አማካይ ጥንካሬው 33 ሜጋፓስካል ለሆነ ኮንክሪት (ሲ25/30 ማለት ነው) 137 ኒውተን በሜትር አካባቢ ይመጣል። አባከስ ዩኒት አያውቅም፤ በኒውተንና በሚሊሜትር እየሠራሽ ከሆነ የምትጽፊው 0.137 ነው። እዚህች ላይ ስንት ተማሪ ወድቋል!

ለንባቡ፣ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ዝጊው። ኤክሴል ላይ አንድ ስፕሪንግ ያዢ፣ እየተሳበ የሚላላ፣ ኒውተን ራፍሰንን (ሶፍትዌሩ መልሱን እየደጋገመ የሚጠጋበትን ዘዴ) በእጅሽ ሥሪው። ሎዱ ጫፍ ሲደርስ ታንጀንቱ (የከርቩ ዳገት) ዜሮ ይሆንና አልጎሪዝሙ መሄጃ ያጣል። ያኔ በሎድ ፋንታ በዲስፕሌስመንት (ቢሙ በሚጎብጠው መጠን) መግፋት ለምን እንደሚያስፈልግ ራስሽ ታዪዋለሽ። ቀጥሎ ብሬስለርና ስኮርደሊስ በ1963 እ.ኤ.አ. በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሰበሯቸውን ቢሞች ሞዴል አድርጊ፤ ኦኤ የሚባሉት እንዳንቺው ስቲረፕ የላቸውም። ቬኪዮና ሺም በ2004 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ደግመዋቸዋል፣ ስለዚህ የምታመሳክሪበት አታጪም።

ሳይት ነኝ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ይህን ማን ይሠራዋል? ኢታብስ (ለሕንፃ ዲዛይን የተለመደው ሶፍትዌር) በቂ ነው።

የድሮ ካልኩሌተር
ለአዲስ ሕንፃ አልጨቃጨቅህም፣ ወንድሜ። የተሰነጠቀ የቆየ ድልድይ «ይፍረስ ወይስ ይጠገን» ስትባል ግን ኢታብስ አያወጣህም። የኛም ኮድ የተቀዳው ከዩሮኮድ 2 (ከአውሮፓ የኮንክሪት ዲዛይን ደንብ) ነው፤ አንቀጽ 5.7 ላይ ኖንሊኒየርን ይፈቅዳል። ደግሞ ሊኒየሩም (ስንጥቅን የማያሰላው ቀላሉ ትንተና) ቢሆን በጭፍን አይታመንም፦ ኖርዌይ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. የሰመጠው የባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ መድረክ፣ ስሌይፕነር ኤ፣ በሊኒየር ነው የተሰላው። ሜሹ ሸሩን 47 በመቶ አሳንሶ አሳየ፣ የኮንክሪቱ ግድግዳ ተሰበረ።

የሲቪሏ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። የሲዲፒውን ዲላሽን አንግልስ (ኮንክሪቱ በሸር ሲገፋ ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚወስነውን)? አንዱ ጽሑፍ 30 ይላል፣ ሌላው 40።

የድሮ ካልኩሌተር
ሁለቱንም ሩጪና ልዩነቱን ቴሲስሽ ላይ አውጪው። ከላብራቶሪው ጋር የገጠመችዋን ብቻ መርጠሽ እንዳታቀርቢ፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሷን ነው።