ሜዱሳ ኔቡላ ላይ ኦ-ስሪው አልወጣ አለኝ

ከሰገነት ላይ፦
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ከቤቴ ጣሪያ ላይ ሆኜ አቤል 21ን፣ ያቺን ሜዱሳ የሚሏትን ፕላኔታዊ ኔቡላ (እየሞተ ያለ ኮከብ የተፋው የጋዝ ደመና) እያነሳሁ ነው። ቴሌስኮፑ 80 ሚሊሜትር ነው፣ የትኩረት ርቀቱ 480። ካሜራው ጥቁርና ነጭ፣ ፊልተሮቹ ናሮባንድ (3 ናኖሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ)፣ እያንዳንዱ ፎቶ 5 ደቂቃ። ኤች-አልፋ (የሃይድሮጅን ብርሃን) 6 ሰዓት፣ ኦ-ስሪ (የኦክስጅን ብርሃን) 3 ሰዓት ሰበሰብኩ። ኤች-አልፋው ላይ ቅስቷ ጥርት ብላ ወጣችና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኦ-ስሪውን ግን ስታክ አድርጌ (ፎቶዎቹን ደራርቤ) ስትሬች ሳደርገው (የደበዘዘውን ሳጎላው) ዝብርቅርቅ ያለ ጭጋግ ብቻ ነው። ግራዲየንቱን (ያልተስተካከለውን የሰማይ ብርሃን) ሲሪል በሚባለው የፎቶ ሶፍትዌር ሳስወግድ ደግሞ የነበረችውም ትንሽ ነገር ድራሿ ጠፋ። ሦስት ሌሊት ብርድ ላይ ቆሜበታለሁ። ፊልተሩ ነው ወይስ እኔ የሳትኩት ነገር አለ?

የሌሊት ዘበኛ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኦ-ስሪውን ስታነሺ ጨረቃ ነበረች?

ከሰገነት ላይ፦
ነበረች፣ ከግማሽ በላይ። ናሮባንድ ከሆነ ጨረቃ ችግር የለውም ሲባል ሰምቼ ነው።

የሌሊት ዘበኛ፦
በቃ እሱ ነው። ያ ምክር ለኤች-አልፋ እንጂ ለኦ-ስሪ አይሆንም። ኤች-አልፋ 656.3 ናኖሜትር ላይ፣ ቀዩ ዘንድ ነው ያለው። ኦ-ስሪ ግን 500.7 ላይ ነው፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚገናኙበት ቦታ፤ አየሩ ደግሞ የጨረቃን ብርሃን ወደ ሰማያዊው በቀረበ ቁጥር አብዝቶ ይበትነዋል። ስለዚህ ጨረቃ ያለችበትን ሌሊት ለኤች-አልፋ ስጪው፣ ጨለማውን ሙሉ በሙሉ ለኦ-ስሪ አስቀምጪ። ሰዓቱም አንሷል። ምልክቱ (የኔቡላዋ ብርሃን) ከጫጫታው (ፎቶው ላይ ከሚታየው ነጠብጣብ) በእጥፍ እንዲሻል ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት፣ ማለትም 3 ሰዓትሽ 12 ይሁን። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ የደበዘዘ ነገር ላይ ያልተሰበሰበ ብርሃን በሶፍትዌር አይመጣም። ይቺን የኦ-ስሪን የብርሃን መስመር በጣም ነው የምወዳት። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊልያም ሃጊንስ የድመት ዓይን ኔቡላ ላይ ሲያያት ምን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም፣ ኔቡሊየም የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተባለ። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን አይራ ቦወን የደረሰበት በ1927 ነው።

ስታክ ወዳድ፦
በጨረቃው እስማማለሁ፣ ያነሳሽውን ግን እንዳትጥይው። ግራዲየንቱን ስታስወግጂ ሲሪል የሰማዩን ብርሃን የሚለካባቸውን የናሙና ነጥቦች ራሱ ሲበትን የተወሰኑት ኔቡላዋ ላይ አርፈው ይሆናል። ያኔ ሶፍትዌሩ ኔቡላዋን የሰማይ ጭጋግ መስላው ይቀንሳታል። የኤች-አልፋውን ምስል አጠገብሽ ክፈቺና ቅስቷ ያለችበትን፣ በተለይ ውስጧን፣ ከነጥብ አጽጂ። የሜዱሳ ኦ-ስሪ ቅስቷ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡን ሞልቶ ነው የሚገኘው። ጭጋጉን የሚገምተውን የፖሊኖሚያል ቀመር ዲግሪ 1 አድርጊ፣ ከዚያ በላይ አትውጪ። ፍላት (ጥላና አቧራ ለማረም የሚነሳ፣ እኩል የበራ ነገር ፎቶ) አንስተሻል አይደል? ፍላቱ ትንሽ ከተሳሳተ እንዲህ ስስ ነገር ላይ ያለ ምሕረት ይታያል። ከዚያ ኮከቦቹን ስታርኔት በሚባለው ኮከብ ማጥፊያ ሶፍትዌር አውጪና ሁለቱን ምስል ለየብቻ ስትሬች አድርጊ። ኤች-አልፋውን ለቀይ፣ ኦ-ስሪውን ለአረንጓዴና ለሰማያዊ። ጫጫታ ማጥፊያውን ቀስ በይ፣ ሲበዛ ኔቡላዋ ላስቲክ ትመስላለች።

ከቢሾፍቱ፦
እኔም እሷኑ ነው የማነሳው። በገውዝ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ስለሆነች በጥምቀት ሰሞን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አናታችን ላይ ናት፣ ከራስ በላይ 4 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ብቻ ዘንበል ብላ። ሰማዩ ደረቅ፣ አየሩም ከላይ ቀጭን፤ ፈረንጅ አገር ያሉት ሁሉ ይህን አያገኙም። ግን ተጠንቀቂ። ቴሌስኮፑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ካሜራው የትሪፖዱን እግር ሊመታ ይችላል። እኔ ከማውንቱ (ቴሌስኮፑን ከሚያዞረው መሣሪያ) ሥር ማራዘሚያ ቱቦ ካስገባሁ ወዲህ ነው የተገላገልኩት። ማውንቱን የምናሰልፍባት የሰሜን ኮከብ ደግሞ እኛ ጋ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፎቅ ከጋረደሽ በካሜራ ፎቶ አሰላለፉን የሚያስተካክል ሶፍትዌር ተጠቀሚ።

ከሰገነት ላይ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ነጥቦቹን አሁን አየኋቸው፣ አራቱ ልክ ኔቡላዋ ላይ ነበሩ! አጥፍቼ ዲግሪውን 1 ሳደርገው ቅስቷ ውስጥ ስስ ነገር ብቅ አለ። እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ፎቶዎቹን ለሁለት ከፍዬ ለየብቻ ስታክ አደረግኳቸው፣ ሁለቱም ላይ አለ። ፍላቱ ግን የድሮ ነው፣ ካሜራውን ከፈታሁት በኋላ አላደስኩትም። ነገ እሱን አነሳለሁ፣ ካሜራው እግሩን ይመታ እንደሆነም በቀን አዙሬ አያለሁ። ኦ-ስሪውን ጨረቃ ስትጠፋ እቀጥላለሁ።