የሳልመን አሳ ጫጩቶች ግድብ ሲያልፉ የሚሞቱት የት ላይ ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ያለው ቦኒቪል ግድብ ከ1938 ጀምሮ የአሳ መሰላል (አሳ ግድቡን እንዲሻገር በደረጃ የተሠራ የውሃ መንገድ) አለው፤ ትልልቆቹ ሳልመኖች ከባሕር ሲመለሱ በዚያ ይወጣሉ። ወደ ባሕር የሚወርዱት ጫጩቶች ግን ለምን በዚያው አይወርዱም? ተርባይን ውስጥ የሚሞቱትስ በክንፉ ተመትተው ብቻ ነው?

መልስ 1
መሰላሉ የተሠራው ለሚወጣ አሳ ነው። ወጪው አሳ ፍሰቱን እየተጋፈጠ ስለሚዋኝ፣ በመሰላሉ አፍ ላይ ጠንካራ ውሃ ከለቀቁለት ወደዚያ ይሳባል። ጫጩቱ ወንዙ ወደወሰደው ነው የሚሄደው፤ በመሰላሉ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ከወንዙ ፍሰት በጣም ጥቂቱ ነው።

በክንፍ መመታት አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ትልቅ ምክንያት የግፊት ለውጥ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የቆየ አሳ 2 አትሞስፌር ለምዷል። ከክንፉ ጀርባ ግፊቱ በቅጽበት ወደ 0.5 ቢወርድ፣ በአየር ከረጢቱ ያለው አየር 4 እጥፍ ይሰፋል፤ ከረጢቱ ይቀደዳል፣ ዓይኑ ይወጣል፣ ደም ሥር ይበጠሳል። የሳልመን ከረጢት ከጉሮሮው ጋር በቱቦ ስለሚገናኝ አየሩን ማስወጣት ይችላል፤ እዚህ ግን ጊዜ የለውም። እንደ ቆሮሶ ያለ፣ ቱቦ የሌለው አሳ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። በሕይወት የወጣውም ስለሚደነዝዝ ከግድቡ ሥር ለሚጠብቁት ወፎችና አዳኝ አሳዎች ሲሳይ ይሆናል።

ከወንዙ ላይኛው ተፋሰስ ከአይዳሆ ግዛት የሚነሳ ጫጩት 8 ግድብ ያልፋል። በእያንዳንዱ 95 በመቶ ቢተርፍ እንኳ መጨረሻ ላይ የሚቀረው 66 በመቶ ገደማ ነው። ስለ አንድ ግድብ ብቻ የሚነገር ቁጥር አያታልላችሁ።

መልስ 2
ከተርባይኑ መግቢያ ፊት ወንፊት አድርጎ ጫጩቱን ወደ ማለፊያ ቦይ ማንሳት ይቻላል። ወንፊቱ በቅጠልና በእንጨት ሲደፈን ግን በቀሪው ቀዳዳ የሚያልፈው ውሃ ይፈጥናል፣ አሳው ይለጠፍበታል፣ ቅርፊቱ ይገፈፋል። በየጊዜው ካልተጠረገ ባይኖር ይሻላል።

ጫጩቶቹ የሚጓዙት በአብዛኛው ከላይኛው ውሃ ነው፤ ጠልቆ መግባት ይፈራሉ። ስለዚህ ሎወር ግራናይት በተባለው ግድብ በ2001 እንደተደረገው ማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ ከግድቡ የሚለቀቅበት) ላይ ከገጹ ውሃ የሚያሳልፍ በር መግጠም ከሁሉ የተሻለው ነው። ያን ያህል ውሃ ሳያባክን ብዙ አሳ ያሳልፋል።

ጠያቂው
ታዲያ በማስተንፈሻው ብዙ ውሃ መልቀቅ ይበቃላ?

መልስ 2
አይበቃም። ከከፍታ የሚወድቀው ውሃ አየር ይዞ ከግድቡ ሥር ወዳለው ኩሬ ታች ይጠልቃል፤ በዚያ ግፊት ናይትሮጅን ከልክ በላይ ይሟሟል። ከዚያ በአሳው ደምና ስንጥብ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይወጣና ይገድለዋል። አንድ ሜትር ጥልቀት 10 በመቶ ያህል ትርፍ ጋዝ ያካክሳል፤ በውሃው የተሟሟው ጋዝ ከመደበኛው ልክ 120 በመቶ ከሆነ ከ2 ሜትር በታች ያለ አሳ አይጎዳም፣ ገጹ ላይ ያለው ግን አደጋ ውስጥ ነው። መፍትሔው ማስተንፈሻው ግርጌ ላይ ውሃውን ወደ ፊት የሚያስፈነጥር የኮንክሪት ከንፈር መሥራት ነው፤ ውሃው ሳይጠልቅ በገጹ ይንሸራተታል።