ቀላል የጉዞ ድንኳን ዛፍ በሌለበት ከፍታ ላይ ብርቱ ነፋስን ይችላል?

ጥያቄ (ከመንገደኛ)

ጤና ይስጥልኝ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ፣ በጀርባ ቦርሳ ይዤው የምጓዝ የሁለት ሰው ድንኳን አለኝ። የራሱ ምሰሶ የለውም፤ በሁለት የጉዞ ዱላዎች ተደግፎ ይቆማል፣ ሸራውም ሲሊኮን የተቀባ ስስ ናይለን ነው። በጫካና በሸለቆ ሳድርበት ቅር ያሰኘኝ ነገር የለም። ባለፈው ጉዞ ግን ገላጣ አምባ ላይ ተክዬው፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነፋሱ ሲበረታ አንደኛው ጎኑ ወደ ውስጥ ጎብጦ የመኝታ ከረጢቴን እስከ መንካት ደረሰ፤ ጥቂት ቆይቶም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው የማዕዘን ካስማ ተነቀለና ሸራው እስኪነጋ ሲርገበገብ አደረ። ጠዋት ስመለከተው ሸራው አልተቀደደም፣ ዱላዎቹም አልጎበጡም።

የሚቀጥለው ጉዞዬ ለተከታታይ ሌሊቶች በዚያው ዓይነት ከፍታ ላይ የሚያሳድር ነው፤ የሚጠበቀው ነፋስም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ አልፎ አልፎ እስከ 60 የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ድንኳን በአግባቡ ከተተከለ ይህን ይችለዋል ወይስ ክብደቱን ተቀብዬ ጠንካራ ምሰሶ ያለው ድንኳን ልያዝ? ከልምዳችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከካስማና አውታር)

ከገለጹልን ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ሸራውም ዱላውም ሳይጎዱ ካስማው ብቻ መነቀሉ ነው። ቀላል ድንኳን በነፋስ የሚረታው ብዙውን ጊዜ በሸራው ስስነት ሳይሆን ከመሬት ጋር በተያያዘበት ቦታ ስለሆነ፣ አዲስ ድንኳን ከመግዛትዎ በፊት ካስማዎቹንና የመወጠሪያ ገመዶቹን ቢመረምሩ ይሻላል።

የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት በሚመታው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት ይጭናል፤ ፍጥነቱ 72 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ጭነቱ ወደ 25 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የድንኳን ጎን ለነፋሱ ቀጥ ብሎ ቢቆም የሚያርፍበት ጫና ከ12 ኪሎ ግራም ወደ 50 ኪሎ ግራም ያድጋል ማለት ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ በመጠኑ ይቀንሳል፤ የጫናው አብዛኛው ክፍል ግን ተሰብስቦ የሚያርፈው በጥቂት ካስማዎች ላይ ነው።

የእርስዎ ሸራ ናይለን በመሆኑ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። ናይለን እርጥበት ሲነካው ይለጠጣል፤ ምሽት ላይ እንደ ከበሮ ወጥረው የተዉት ሸራ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያርፍበት ይላላል። የላላ ሸራ ይርገበገባል፣ እያንዳንዱም መርገብገብ ካስማውን በድንገት ጎትቶ ስለሚለቀው በዙሪያው ያለው አፈር ቀስ በቀስ ይፈታል። ስለዚህ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ከመተኛትዎ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሌሊትም በማንኛውም ምክንያት ሲወጡ እንደገና ገመዶቹን ያጥብቁ።

ከቀላል ድንኳኖች ጋር የሚመጡት ቀጫጭን የሽቦ ካስማዎች ክብደት ለመቀነስ የተመረጡ ናቸውና በለስላሳ አፈር ላይ በቀላሉ ይሾልካሉ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ላሉት ማዕዘኖችና ከዱላዎቹ ጫፍ ለሚወርዱት ገመዶች ባለ ሦስት ክንፍ፣ 18 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የአሉሚኒየም ካስማዎች ይያዙ፤ ስድስቱ በአንድነት ቢመዘኑ መቶ ግራም አካባቢ ናቸው። ካስማው ራሱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ ከገመዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ፈጥሮ፣ ጭንቅላቱ መሬቱን እስኪነካ ድረስ ይግባ። ካሰሩት በኋላ ገመዱን ይዘው ወደ ድንኳኑ አቅጣጫ ሳብ ሳብ ያድርጉት፤ በካስማው ሥር አፈሩ ሲሰነጠቅ ካዩ ያን ቦታ ትተው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው ይትከሉ።

ገመዱ ባጠረ ቁጥር ካስማውን ወደ ላይ ስለሚስበው፣ ሲረዝም ግን ወደ ጎን ስለሚስበው፣ በነፋሻማ ቦታ ረጅም ገመድ የተሻለ ነው። የጎኑን ወደ ውስጥ መጉበጥ በተመለከተ ደግሞ፣ በሸራው መሃል ላይ የተሰፉ ትናንሽ ቀለበቶች ካሉ ከእነርሱ ተጨማሪ ገመድ ወደ ውጭ ይወጥሩ። ብዙ ሰዎች እነዚህን ቀለበቶች ምንም ሳያስሩባቸው ይተዉአቸዋል፤ ለእንዲህ ያለው ሌሊት የተሰፉት ግን እነርሱ ናቸው።

መልስ (ከሸንተረር)

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከካስማ በፊት ቦታው ይቀድማል ባይ ነኝ። በሁለት ጫፎች መካከል ያለ ዝቅ ያለ መተላለፊያ ሜዳና ምቹ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ተጓዥ ያድርበታል፤ ነገር ግን ነፋሱ በዚያ ጠባብ በር ተጨምቆ ስለሚያልፍ ፍጥነቱ በዙሪያው ካለው ይበልጣል። የተራራ አናትና የገደል ከንፈርም እንዲሁ ነፋስ የሚፈጥንባቸው ናቸው። ከአናቱ ነፋሱ ወደማይመታው ወገን ጥቂት መውረድ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይሁን እንጂ በቀጥታ ከቋጥኝ ግድግዳ ሥር አይጠጉ፤ ግድግዳውን ተሻግሮ የሚመጣው ነፋስ እዚያ እየተሽከረከረ ከየአቅጣጫው ይመታልና፣ በአንድ አቅጣጫ ያስተካከሉት ድንኳን ግራ ይጋባል፤ ከላይ የሚወርድ ድንጋይም አለ።

ቁጥቋጦና ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ረድፍ ነፋሱን በከፊል እያሳለፉ ስለሚያደክሙት ከድፍን ግንብ ይልቅ የተረጋጋ ከለላ ይሰጣሉ። ዛፍ ካለ ግን ሁልጊዜ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለበት ሥር ማደር ከነፋሱ የከፋ አደጋ ነው። ከነፋስ ለመሸሽ ብለውም ደረቅ የጅረት መውረጃ ውስጥ አይግቡ።

ስለ ትንበያው አንድ ነገር ልጨምር። የሚነገረው ፍጥነት ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ ላለው ነፋስ ነውና በድንኳንዎ ቁመት ላይ በመጠኑ ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ለሰፊ አካባቢ የተሰጠ ትንበያ በአንድ ጫፍ ላይ የሚፈጥነውን ነፋስ ላያሳይ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የነፋስን ብርታት በደረጃ በሚለካው የቦፎርት ሚዛን 7ኛ ደረጃ ነው፤ ዛፎች ከነግንዳቸው ይወዛወዛሉ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ መራመድም ያስቸግራል። ዕቅድዎን ሲያወጡ በአማካዩ 40 ሳይሆን በዚህ ቁጥር ያስቡ።

መልስ (ከቀስት ምሰሶ)

የሁለታችሁም ምክር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ገመድና ካስማ ሁሉን ይፈታሉ ተብሎ እንዳይወሰድ እፈራለሁ፣ ምክንያቱም የድንኳኑ ቅርጽ ራሱ ወሰን ያበጃል። በሁለት ዱላ የሚቆም ድንኳን ሰፊና ዝርግ ጎኖች አሉት፤ ጎኑ ለነፋስ ከተጋለጠ የትኛውም ካስማ እንዳይጎብጥ አያደርገውም። ስለዚህ ጠባቡና ዝቅተኛው ጫፍ ወደ ነፋሱ፣ በሩ ደግሞ ነፋሱ ወደማይመታው ወገን ይዙር። የዋሻ ቅርጽ ያላቸው ድንኳኖችም ሕጋቸው ይኸው ነው፤ ጫፋቸውን ለነፋስ ሲሰጡ ጽኑ ናቸው፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ በጎን ሲመጣባቸው ግን ይንበረከካሉ። ምሰሶዎቹ በብዙ ቦታ የሚቆራረጡበት የጉልላት ድንኳን ከየትም ቢነፍስ ይቆማል፤ ዋጋው ክብደት ነው።

ዱላዎችዎ ግን ደካማ አይደሉም። የጉዞ ዱላ ከተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የድንኳን ምሰሶ እጅግ የወፈረ ነው፤ ድክመቱ በማርዘሚያው መቆለፊያ ላይ ነው። መቆለፊያው ሌሊት በጥቂቱ ቢንሸራተት እንኳ ድንኳኑ በሙሉ ይላላል፤ ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት ዱላውን መሬት ላይ በክብደትዎ ተጭነው ይፈትኑት። መሬቱ ለስላሳ ከሆነም ከጫፉ ሥር ዝርግ ድንጋይ ያስቀምጡ።

ሸራ ስለ መቀየር ካሰቡ፣ ሲሊኮን የተቀባ ፖሊስተር እርጥበት ሲያገኘው እምብዛም አይለጠጥም፤ ዳይኒማ የተባለው ቀላልና ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅም እንዲሁ። ይሁንና የናይለን መለጠጥ ጥቅምም አለው፤ ድንገተኛውን የነፋስ ምት በከፊል ይውጠዋል፣ የማይለጠጥ ሸራ ግን ምቱን በቀጥታ ለስፌቱና ለካስማው ያስተላልፋል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሸራውን አልቀይርም ነበር። ከለላ ያለው ቦታ በየምሽቱ ማግኘት ከቻሉ ይህ ድንኳን የጠቀሱትን ነፋስ ይችላል፤ መንገዱ ያለ ምርጫ ገላጣ ሸንተረር ላይ የሚያሳድርዎ ከሆነ ግን ተጨማሪውን ክብደት ይሸከሙ እላለሁ።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከመንገደኛ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የምሄድበት አምባ አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ አለት ስለሆነ ካስማ ከግማሹ በላይ አይገባም፤ በዚህ ጊዜ ምን ይደረጋል? ደግሞም ነፋሱ ከጀመረ በኋላ ብቻዬን መትከል ካለብኝ ከየት ልጀምር?

መልስ (ከካስማና አውታር)

አለት ባለበት ቦታ ድንጋይ ከካስማ የተሻለ ነው፣ አቀማመጡን ካወቁበት። ገመዱን በትልቁ ድንጋይ ላይ በቀጥታ ማሰር አያስፈልግም፤ የገመዱን ጫፍ በትንሽ ድንጋይ ወይም በአጭር ጠንካራ እንጨት ላይ ያስሩ፣ ከዚያ ገመዱ ላይ፣ ከታሰረው ድንጋይ ወደ ድንኳኑ በኩል፣ ትልቅና ከባድ ድንጋይ ያስቀምጡ። ገመዱ ሲሳብ ትንሹ ድንጋይ ከትልቁ ጀርባ ጋር ይጣበቃል፤ ነፋሱ በበረታ ቁጥርም አያያዙ ይጠብቃል። ለዚህ ከየማዕዘኑ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትርፍ ገመድ ይዘው ይሂዱ። ስል ጠርዝ ያለው ድንጋይ ቀጭን ገመድን በአንድ ሌሊት በመፋቅ ሊበጥሰው ስለሚችል፣ ገመዱ የሚያልፍበትን ጠርዝ በእጅዎ ዳስሰው ስል ከሆነ ድንጋዩን ያገላብጡት። ግማሹ ብቻ በገባ ካስማ መጠቀም ግድ ከሆነም ገመዱን በጭንቅላቱ ሳይሆን መሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ አስረው ከላዩ ድንጋይ ይጫኑበት።

ብቻዎን ሲተክሉ ድንኳኑን ከከረጢቱ ሙሉ በሙሉ አያውጡት። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ አውጥተው ሁለቱን ማዕዘኖች በጠንካራ ካስማ ይያዙ፤ ከዚያ የቀረውን ቀስ በቀስ እየዘረጉ ሌሎቹን ማዕዘኖች ያስሩ፣ ዱላዎቹንም በመጨረሻ ያቁሙ፤ መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን። በሩ እስከዚያ ድረስ በዚፕ የተዘጋ ይሁን፤ ነፋስ ከውስጥ ከገባ ሸራውን ነፍቶ ከእጅዎ ሊነጥቀው ይችላል።

መልስ (ከሌሊት ዘብ)

ሁሉም ተደርጎ ነፋሱ ከተጠበቀው በላይ ቢሆን ምን ይደረጋል የሚለውን ማንም አላነሣምና እኔ ልበለው። ገና ሳይጨልም ዝቅ ያለ ሌላ ማደሪያ አይተው መንገዱን ይለዩ። ብርቱ ነፋስ በሚጠበቅበት ሌሊት ጫማዎን፣ መብራትዎንና የዝናብ ልብስዎን በእጅዎ አጠገብ፣ የማይፈለገውን ሁሉ ደግሞ በቦርሳ ውስጥ አስገብተው ይተኙ። ካስማዎች መልሰው ቢተክሏቸውም ደጋግመው የሚነቀሉ ከሆነ፣ ወይም ዱላው በግልጽ መጉበጥ ከጀመረ፣ እስኪሰበር አይጠብቁ፤ ዱላዎቹን አውርደው ሸራውን በላይዎ ላይ በመጣል ነፋሱ እስኪያልፍ መቆየት ይቻላል፤ የተዘረጋ ሸራ ብዙም ነፋስ አይዝም። ለመተንፈሻ ግን ክፍት ቦታ ይተዉ። ልብስዎና የመኝታ ከረጢትዎ በውኃ ከራሱ ግን፣ የሰውነትዎ ሙቀት መውረድ ሕይወትን የሚያሰጋ ስለሆነ ያኔ በጊዜ ወርደው ከለላ ወዳለበት መሄድ ይሻላል። ነፋሱን ሽሽት ምድጃ ድንኳን ውስጥ ማንደድ ፈጽሞ አይታሰብ፤ እሳቱም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይገድላሉ።

ለጥገናም የጉዞ ዱላው ቢሰበር ከስብራቱ ላይ የሚገባ አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጥቂት ትርፍ ገመድና መለጠፊያ ይያዙ። ሲሊኮን በተቀባ ናይለን ላይ ተራ መለጠፊያ በደንብ ስለማይይዝ፣ ለሲሊኮን ሸራ ተብሎ የተሠራውን መርጠው ከጉዞው በፊት በቤትዎ በሸራው ጠርዝ ላይ ይሞክሩት።