ራሴ ያሰርኩትን ራሴ ብጭን ለማን ነው የምከፍለው?

ጠያቂው፦
ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች። ቅዳሜ ቤት እለቃለሁ። ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ወደ ሸዋ ሮቢት። ሥራ ቀይረውኝ ነው። እኔና ባለቤቴ አሥር ቀን ማታ ማታ እቃ ስናስር ከረምን። ቤቱ ካርቶንና ማዳበሪያ ብቻ ሆኗል፤ ያልታሰረ ማንኪያ እንኳ የቀረን ሁለት ነው። አይሱዙ ተነጋግሬያለሁ። የሚጭኑልኝ ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው።

ትናንት የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች በር ድረስ መጡ። «ጋሼ፣ እቃ ልታነሳ ነው አሉ። 4 ሺህ ብር ነው።» «አይ፣ ራሴ ነኝ የምጭነው» አልኳቸው። «ችግር የለም፣ ጫን። ሂሳቡ ግን ያው ነው» ብለው ሄዱ። በቁጣ እንኳ አይደለም። እንደ ውኃ ሂሳብ ነው የነገሩኝ። ያናደደኝም እሱ ነው።

እንግዲህ ተከራከሩበት። ላልነኩት እቃ ልክፈል ወይስ አልክፈል? እባካችሁ ስድብ አይኑር።

የሕግ ተማሪ፦
አትክፈል። አንድ ብር እንኳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ በንብረትህ የመጠቀም መብት ያንተ ነው ይላል። የራስህን ቁም ሳጥን ተሸክመህ ከበር ማውጣት መጠቀም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ክፍያ ደግሞ ከውል ነው የሚመጣው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1678 ለውል መጀመሪያ የሚጠይቀው የተዋዋዮቹን ፈቃድ ነው። አንተ እሺ አላልክም። ታዲያ 4 ሺህ ብሩ ምንድን ነው? ስሙን አንተው ጥራው።

የድሮ ጫኝ፦
ስሙን እኔ ልንገርህ ወንድሜ። እንጀራ ነው።

ስድስት ዓመት ጭኛለሁ። አሁን ትቼ ባጃጅ ላይ ነኝ። አንቀጽ ከቆጠርክ እኔም 41 አለኝ፤ ሰው መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት አለው ይላል። የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ብርድ ታውቀዋለህ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጋቢ ደርበን ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። እስከ ማታ አንድ መኪና ላይመጣ ይችላል። ሲመጣም ቀላል ቀላሉን፣ ፍራሹን፣ ካርቶኑን፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ወንድምና ጓደኛ ይጭናል። ፍሪጁና ቡፌው ሲቀር «ልጆች፣ እስኪ አንዴ ያዙልን፣ 200 ብር» እንባላለን። ወገቡ የሚቀረው የማን ነው? «ሂሳቡ ያው ነው» የሚለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ልጆቹ ከሜዳ ተነስተው አላመጡትም።

ጠያቂው፦
ይገባኛል። ግን አንተ ራስህ ሳትነካ ተቀብለህ ታውቃለህ?

የድሮ ጫኝ፦
አልዋሽህም፣ ብዙ ጊዜ። አንዲት መምህርት ከሁለት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ስትጭን ስድስታችን ቆመን አየናት። ስትጨርስ 1,500 ብር ተቀበልናት። እየቆጠረች ስትሰጠን ቀና ብላ አላየችንም። ለየራሳችን 250 ደረሰን። ማታ ለእናቴ ብሩን ስሰጣት ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኳትም።

እንደዚያም ሆኖ አቋሜን አልቀየርኩም። አሠራሩ ይስተካከል፤ ልጆቹ ይባረሩ ግን አይባል።

የሕግ ተማሪ፦
ማን ይባረሩ አለ? ለእናትህ መንገር ያሳፈረህን ነገር ነው እኔም የምቃወመው።

ባለሱቋ፦
እኔ ደግሞ ክፈልና ተገላገል ባይ ነኝ። አንተ ትሄዳለህ፣ ወንድምህ ግን እዚሁ ሰፈር ቀሪ ነው። ነገ ከነሱ ጋር አንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ለ4 ሺህ ብር ዓመት ሙሉ መገላመጥ ምን ያደርግለታል? ተከራከርና 2 ሺህ አድርሳት። አበቃ።

የሕግ ተማሪ፦
እንዲህ እያልን ነው ዛሬ 4 ሺህ የደረሰችው።

የልጆች እናት፦
ወንዶች፣ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። «ራሳችን አሰርን» ወደሚለው ልመልሳችሁ። ማነው ያሰረው? በኔ ቤት ባሌ ያሰረው ቴሌቪዥኑን ነው። ለእሱም ሁለት ማታ ፈጅቶበታል። የቀረው ሁሉ የኔ ነበር። ሲኒውን አንድ በአንድ በልጆቹ ካልሲ ውስጥ ከተትኩ፤ ካልሲው መሄዱ ላይቀር። ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልዬ ባልዲ ውስጥ አቆምኳት። ምጣድ አስተኝተው የሚጭኑ አሉ፤ ላዩ ላይ ሌላ እቃ ይጫንበትና መሃሉን ይሰነጠቃል። በጎኑ አቁማችሁ በሁለት ፍራሽ መሃል አስገቡት። የአልጋውን ብሎን በፌስታል ቋጥራችሁ እዚያው አልጋው እግር ላይ በፕላስተር ለጥፉ። አለዚያ የመጀመሪያውን ሌሊት መሬት ነው የምታድሩት።

እኛም ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ነው የወረድነው፣ ስለዚህ ይቺን ስማኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ቅቤ ድንጋይ ነው፤ በማንኪያ ፍቀህ ነው የምታወጣው። እኔም 5 ኪሎ የተነጠረ ቅቤ በቆርቆሮ አድርጌ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ መሶቡ ውስጥ አስቀመጥኩት። ብልህ ነኝ ብዬ። ደብረ ሲናን እንዳለፍን ሽታው መጣ። ሸዋ ሮቢት ስናወርድ ቅቤው ዘይት ሆኖ፣ መሶቡን አልፎ፣ ሥሩ ያለው ፍራሽ ጠጥቶታል። ያ ፍራሽ ቀን ሲሞቅ እስከ ዛሬ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ማን ከፈለኝ? ስለ 4 ሺህ ብሩ ስትጨቃጨቁ ይህችንም አስቧት።

ጠያቂው፦
ባለቤቴ አንብባ «ይቺን ሴትዮ ወደድኳት» ብላለች። ቅቤውን ከካርቶን አውጥተነዋል። የቴሌቪዥኑን ነገር ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ሹፌሩ፦
በዚህ መንገድ ዓመታት ሠርቻለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ያውም ቀጥ ብለህ አትወርድም። መጀመሪያ ወደ ጣርማ በር ትወጣለህ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ በቆፈረው ዋሻ ካለፍክ በኋላ እስከ ደብረ ሲና ቁልቁል ነው፣ እየተጠማዘዘ። ፍሬን በያዝክ ቁጥር እቃው ሁሉ ወደ ጋቢናው ይመጣል።

እና «ወንድሜና ጓደኞቹ» ያልከው አልተመቸኝም። ጓደኛ ሲጭን ካርቶን ከታች፣ ፍሪጅ ከላይ ነው። አንዴ ዋሻው አፍ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ እጅህን ዘርግተህ በማታይበት፣ ግማሹን እቃ አውርደን እንደገና አሰርን። የምሠራበት ሰዓት ነው የሄደው። ከባዱ ከጋቢናው ጀርባ ይጠጋል፣ ክፍተቱ በማዳበሪያና በፍራሽ ይጠቀጠቃል፣ ሸራው ከላይ ይታሰራል። ይህን የሚያውቁት ጫኞች ናቸው። ክፈል የምለው ለአያያዙ ነው እንጂ ለጉልበቱ አይደለም።

የማልወደው አንድ ነገር ግን አለ። እዚህ ትከፍላለህ፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ የማውረጃ ብለው ሌሎች ይጠብቁሃል። ሁለት በር፣ ሁለት ሂሳብ።

በነገራችን ላይ ባዶ ሃይላንድና ጀሪካን ጥብቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁ ታች ስትደርሱ ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። የማንም ጥፋት አይደለም። ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ታች ይከብዳል፣ ይጨፈልቀዋል።

የሸዋ ሮቢት ሰው፦
እንኳን ደህና መጣህ ልበልህ። ብርድ ልብሱን ሁሉ ግን ለምን ታመጣዋለህ? እዚህ የሚያስፈልግህ አጎበር ነው፣ ወባ አለ። ለማንኛውም ለመጠቅለያ ይሁንህ፣ ኋላ ለእንግዳ ትዘረጋዋለህ። የማውረጃውን ነገር ሹፌሩ እውነቱን ነው። እኔ የከፈልኩት በውይይት ነው፤ ሲደርሱብኝ ቡና አፍልቼ ጠበቅኳቸው፣ ግማሹን ተዉልኝ።

አባባ ከመንዝ፦
ልጆቼ፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እኔ መሐል ሜዳ ነው ተወልጄ ያደግሁት። በኛ ጊዜ ቤት ሲነሳ ጎረቤት በደቦ ይወጣል። ባናውና ዝተቱ በአህያ፣ ማሰሮው በሴቶች ጀርባ። ምሰሶው ሳይቀር ተነቅሎ ይሄዳል። ገንዘብ የሚባል ነገር አይነሳም።

የሕግ ተማሪ፦
ልክ ብለዋል አባባ። ያኔ በር ላይ ቆሞ የሚያስከፍል አልነበረም ማለት ነው።

አባባ ከመንዝ፦
ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም። ገንዘብ የለም አልኩ እንጂ ክፍያ የለም አላልኩም። ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይደፋል። በኋላም የተሸከመልህ ሰው ጎጆ ሲቀልስ ካልሄድክለት ጉድህ ፈላ። እኔ የአንዱን ጎረቤቴን እቃ ሳላነሳ ቀርቼ ልጁን ሲድር ሳይጠራኝ ቀርቷል። በር ለበር ነበርን፤ ከበሮውን ቤቴ ተኝቼ ሰማሁት። የዛሬውማ ቀሎ ነው፣ 4 ሺህ ብር ጥለህ ትሄዳለህ። ክፈል ማለቴ ግን አይደለም። ያልተሸከመ ጠላውን አይጠጣም ነበር።

ባለ ቡፌዋ፦
ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። ሲሰበርስ? እኔ አምና ከፍያለሁ፤ ሙሉ ሂሳብ፣ ሳልከራከር። ሲያወርዱ የቡፌዬ መስታወት ረገፈ። «ማነው ያሰረው?» አሉኝ። «እኔ» አልኩ። «በይ እንግዲህ፣ ያሰርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ብራቸውን ይዘው ሄዱ። ብሩ የነሱ፣ ስብርባሪው የኔ። የሰበረውን የሚከፍል ከሆነ 5 ሺህም ቢጠይቀኝ እከፍላለሁ።

የድሮ ጫኝ፦
እህቴ፣ የሌላውንም ወገን ስሚ። ሰው ሰሃኑን በማዳበሪያ ከትቶ፣ ላዩ ላይ ምንም ሳይጽፍ ያቀብልሃል። ልብስ ነው ብለህ ትወረውረዋለህ፤ ሿ! ፍሪጅ አጋድማችሁ ጫኑ ይሉናል፤ አይሆንም ስንል ቦታ የለም ይላሉ። ሲጋደም የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። እንደደረሱም ቆሞ ጥቂት ሰዓት ሳያርፍ ሶኬት ይሰኩታል። ሲበላሽ ስልክ የሚደወለው ለኛ ነው።

ያንቺ ቡፌ ግን የነሱ ጥፋት ነው። መስታወቱን አውጪውና ለብቻው በብርድ ልብስ ይጠቅለል ሊሉሽ ይገባ ነበር። ብርድ ልብስ በደብረ ብርሃን ይጠፋል?

ባለሱቋ፦
እሺ፣ እኔም ትንሽ ለሰስ ብያለሁ። የቡፌው ይባስ።

የሕግ ተማሪ፦
ይኸው ደረስንበት። ዋጋውን በር ላይ መጥተው ሳይሆን አስቀድመው በወረቀት ያሳውቁ። ደረሰኝ ይስጡ። የሰበሩትን ይክፈሉ። ያኔ ማንም በገዛ እጁ ይጠራቸዋል።

ተከራዩ፦
እኔን ደግሞ የሚገርመኝ ለምን በየዓመቱ እንደምንጭን ነው። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ቤት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ግማሹን ካርቶኔን መፍታት ትቻለሁ።

ጠያቂው፦
እሱ ሌላ ክርክር ነው ወንድሜ፣ ሌላ ቀን እንከፍተዋለን።

እኔ ዛሬ ማታ ልጆቹን አናገርኳቸው። ፍሪጁን፣ ቡፌውንና ቁም ሳጥኑን እናንተ ጫኑ፣ 1,500 ብር፤ ሌላውን እኛ እንጭናለን፤ ከሰበራችሁ ከሂሳቡ ይቆረጣል አልኳቸው። ሁለቱ እሺ አሉ። አንደኛው «እናያለን» አለ። ይቺ «እናያለን» እንቅልፍ ነስታኛለች። ላስፈርማቸው እንዴ?

የድሮ ጫኝ፦
አይፈርሙም። ወረቀት ስታወጣ ፖሊስ ያመጣህባቸው ነው የሚመስላቸው። ሽማግሌ ባለበት የተናገሩትን ግን አያጥፉትም።

የሕግ ተማሪ፦
ሠርተው የሚከፈላቸው ከሆነማ እኔስ መቼ ተቃወምኩ።

ሹፌሩ፦
ፍሪጁ ቆሞ ይጫን። ከጋቢናው ጀርባ።

አባባ ከመንዝ፦
ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?

ጠያቂው፦
ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው አባባ። ግን በዚያ ብርድ እርስዎን ማስወጣት...

አባባ ከመንዝ፦
አሁን ጠባሴ ልጄ ቤት ነው ያለሁት፣ ቅርብ ነው። እመጣለሁ። አንድ በርጩማ ብቻ ሳትጭኑ አቆዩልኝ።