ቧንቧ በሌለበት ግቢ ለኮሮና እጅ መታጠቢያ እና የበረኪና ልክ

የመንዝ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። መሐል ሜዳ አካባቢ ውሃ የሚቀዳው ከምንጭ በጄሪካን ነው። እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ ሲባል እንዴት ይብቃ? የበር እጀታ ለመወልወልስ በረኪና ስንት በስንት ይበረዛል?

የጓሳ ንፋስ፦ ወንድሜ፣ በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ ሥራ። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን፣ ሁለት ባላ፣ አግዳሚ እንጨት፣ ገመድና ሚስማር ይበቃል። ሚስማሩን በእሳት አግለህ ከእጀታው በተቃራኒ፣ ከሥሩ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ብሳ። ጄሪካኑን በእጀታው አግዳሚው ላይ ስቀልና ከአፉ የታሰረውን ገመድ መሬት ላይ ካለው መርገጫ ጋር አገናኝ፤ ሲረገጥ ያዘነብላል። በቀጭን ሚስማር ጀምር፣ ቀዳዳው ከሰፋ ውሃው ባንዴ ያልቃል። ሳሙናውን በሲባጎ አንጠልጥለህ ዝናብ እንዳያሟሟው ጣሳ ድፋበት። ከሥሩ ጠጠር ካልደለደልክ ይጨቀይና ሰው ይሸሸዋል። ደግሞ በመንዝ ቁር ጠዋት 20 ሰከንድ ማሸት ለልጆች ከባድ ነው፤ ከምድጃ ትንሽ ሙቅ ጨምሩበት።

እማ ደብሬ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የክሎሪን መቶኛ እይ። 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ነው፤ 20 ሚሊ ሊትር ቀድተህ እስከ 1 ሊትር ሙላው። ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ ሙቅ ያዳክመዋል። የበሩን እጀታ አስቀድመህ በሳሙና እጠብ፣ ቆሻሻ ክሎሪኑን ይበላዋል። በማግስቱ የተረፈውን ድፋ። ከኮምጣጤ ጋር ግን አደራ እንዳትቀላቅለው፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የመንዝ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማ። መቶኛው ካልተጻፈበትስ?

እማ ደብሬ፦ አትግዛው። ለበር እጀታ ሳሙናና ውሃም ይሠራል።